እኩል የታሰበው ሲሶ ሲሆን

«ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር ዓሣ ጥብስ እሸጣለሁ፤ ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። ቆሮሶ ጠዋት ጠዋት ከአጥማጆች በኪሎ 180 ብር፣ በቀን 10 ኪሎ ተኩል እገዛለሁ። አንድ ሳህን አጥንት የሌለው 250 ግራም ሲሆን በ280 ብር ይሸጣል። ራሱና አጥንቱ ሲወጣ ግማሹ ይቀራል ብዬ በቀን 21 ሳህን እጠብቃለሁ፤ የሚወጣው ግን 14 ነው። ሰባት ሳህን በየቀኑ ይጠፋብኛል። ዓሣውን የሚበልተውን ልጅ ጠርጥሬ ላሰናብተው ነው።

ለአንድ ሳህን ከዓሣው ሌላ እንጀራ 30፣ ዘይት 20፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና አዋዜ 18፣ ከሰል 12 ብር አወጣለሁ። የወር ኪራይ 9,000፣ የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ 10,000፣ መብራትና ውሃ 1,800 ብር ነው። ሰኞ ሰኞ ስለምዘጋ በወር 26 ቀን እሠራለሁ። በእኔ ስሌት 19 ሺህ ብር ማትረፍ ነበረብኝ፤ እጄ ላይ ግን 3 ሺህ እንኳ አይቀርም። አሁን ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለ መዝናኛ ባለቤት ‹ወይ በወር 22,000 ብር ቁርጥ፣ ወይ 6,000 ብርና ከሽያጭሽ 15 በመቶ ክፈይና ቦታ ልስጥሽ› ብሎኛል። እዚያ ሳህኑን በ320 ብር መሸጥ እችላለሁ። የቱ ይሻለኛል? 60,000 ብር ተበድሬ ዲፕ ፍሪዘር ብገዛስ? ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የ‹ኤክስ› ሒሳብ ለእንዲህ ያለ ነገር ይጠቅማል ሲሉ ሰምቼ ነው የጻፍኩላችሁ። — ከሽምብጥ»

ውድ እህታችን፣

ልጁን አታሰናብቺው። ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛን ፊት ሳትቆሙ አታሰናብቺው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፣ እውነት ነው። አንቺ ግን የጠረጠርሽው ሰውን ነው፤ ቀድሞ መጠርጠር የነበረበት «ግማሹ ይቀራል» የሚለው ግምትሽ ነው።

ቆሮሶ ራሱ፣ ሆድ ዕቃው፣ ቅርፊቱ፣ ቆዳውና አጥንቱ ሲወጣ የሚቀረው ንጹሕ ሥጋ ሲሶ ገደማ ነው። የሚበልተው ሰው እጅ ጥሩ ከሆነና ዓሣው ትልልቅ ከሆነ ከሲሶ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግማሽ ግን አይደርስም። አሁን ቁጥርሽን እንየው። 10.5 ኪሎ ለ3 ሲካፈል 3.5 ኪሎ ይሆናል። 3.5 ኪሎ በ250 ግራም ሲመተር ልክ 14 ሳህን ነው። ልጁ የሚያወጣልሽም 14 ነው። እኩል ያሰብሽው ሲሶ ሆኖ ነው እንጂ ሰባቱ ሳህን ድሮም አልነበረም።

ይህን በዓይንሽ ማየት ስላለብሽ እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ዓሣው እንደመጣ ውሃውን አንጠፍጥፈሽ መዝኚ። ልጁ ሲጨርስ ንጹሑን ሥጋ ለብቻ፣ ራሱን፣ አጥንቱንና ሆድ ዕቃውን ደግሞ ለብቻ መዝኚ። የሁለቱ ድምር ከጠዋቱ ክብደት ጥቂት ብቻ ማነስ አለበት፤ እሱም ደምና ውሃ ነው። ድምሩ ኪሎና ከዚያ በላይ ከጎደለ ያን ጊዜ ጥያቄ አለ። ድምሩ ሞልቶ ሥጋው ግን ከሲሶ በጣም ካነሰ ነገሩ ስርቆት ሳይሆን ሙያ ነው፤ ሥጋው አጥንቱ ላይ እየቀረ ነውና ቢላው ይሳል፣ አቆራረጡም ይታይ። ቁጥሩን ልጁ ራሱ ያንብበው፣ አንቺ ጻፊው። አምባዛ ወይም ነጭ ዓሣ የምትገዢበት ቀን ካለ ለየብቻ መዝኝው፤ የአምባዛ ራስ ትልቅ ነው፣ ነጭ ዓሣ ደግሞ ጥቃቅን አጥንት ይበዛበታል፤ የአንዱ ስሌት ለሌላው አይሆንም። እንቁላል የያዘ ዓሣ በሚበዛበት ሰሞንም የሥጋው ድርሻ ዝቅ ይላል።

ለ‹ኤክስ› ጥያቄሽ፦ አዎ፣ ይጠቅማል፤ ከመነሻውም ለዚሁ ነው የተሠራው። የዚህ ሒሳብ መጠሪያ የሆነው አልጀብራ የሚለው ቃል «አል-ጀብር» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን የተሰበረን መጠገን ማለት ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ ያዘጋጀው ለውርስ ክፍፍል፣ ለንግድና ለመሬት ልኬታ እንዲሆን ነበር። እኛ በኤክስ ፈንታ «ሳ» እንበል፤ በወር የሚሸጥ የሳህን ብዛት ማለት ነው።

ወጪሽን ሁለት ቦታ ክፈይው። አንዱ ሳህን በተሸጠ ቁጥር የሚጨምረው ነው፣ ሌላው ሸጥሽም አልሸጥሽም የማይቀረው። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ 9,000 + 10,000 + 1,800 = 20,800 ብር። ችግሩ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። አንድ ሳህን 250 ግራም ንጹሕ ሥጋ ከሆነ፣ ያን ለማግኘት የሚገዛው ሙሉ ዓሣ 750 ግራም ነው። 0.75 × 180 = 135 ብር። አንቺ በግማሽ አስበሽ 90 ብር ብለሽዋል። በዚያ ላይ እንጀራው፣ ዘይቱ፣ ቅመሙና ከሰሉ 80 ብር ነው። ስለዚህ አንድ ሳህን 170 ሳይሆን 215 ብር ያስወጣሻል፤ ከ280 ሲነሳ የሚተርፈው 110 ሳይሆን 65 ብር ነው።

አሁን የጠፋውን 16 ሺህ ብር እንፈልገው። በወር 14 × 26 = 364 ሳህን ትሸጫለሽ።

አንቺ እንዳሰብሽው፦ 110 × 364 − 20,800 = 19,240 ብር።
እንደ እውነቱ፦ 65 × 364 − 20,800 = 2,860 ብር።

ልዩነቱ 16,380 ብር ነው፤ ይኸውም በየሳህኑ የተሳሳትሽው 45 ብር በ364 ተባዝቶ ነው። «3 ሺህ እንኳ አይቀርም» ያልሽው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ገንዘቡ አጥማጁ ዘንድ በትክክል ደርሷል።

ሳትከስሪም ሳታተርፊም ልክ የምትሆኚበት ቦታ የሚገኘው ገቢን ከወጪ ጋር እኩል በማድረግ ነው፦

280 × ሳ = 215 × ሳ + 20,800

ከሁለቱም ወገን 215 × ሳ ሲቀነስ 65 × ሳ = 20,800 ይቀራል፤ 20,800 ለ65 ሲካፈል ሳ = 320። በ26 ቀን ሲመተር በቀን 12 ሳህንና ትንሽ ነው። ማለትም በቀን እስከ 12ኛው ሳህን ድረስ የምትሠሪው ለቤት አከራዩ፣ ለደመወዝና ለመብራት ነው። ለራስሽ መሥራት የምትጀምሪው 13ኛው ላይ ሲሆን ቀኑ የሚያልቀው 14ኛው ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቀረ ነገር አለ። ከወጪዎችሽ ውስጥ የአንቺ ደመወዝ የለም። ጠዋት ዓሣ ገዝተሽ ማታ ሳህን አጥበሽ ለምትውይው ሰው ክፍያ አልተቆረጠላትም። 8,000 ብር ለራስሽ ብትቆርጪ 65 × ሳ = 28,800 ይሆናል፤ ሳ ከ443 በላይ፣ በቀን 17 ሳህንና ትንሽ ማለት ነው። ዛሬ 14 ላይ ነሽ።

ሦስት ሳህንና ትንሽ ለመጨመር ደንበኛ ማሳደድ ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ዋጋሽን እዪው፤ በእኛ ግምት መጀመሪያ መነካት ያለበት እሱ ነው። 280ው ወደ 300 ቢወጣ ከሳህን የሚተርፈው ከ65 ወደ 85 ያድጋል። ዋጋው የጨመረው በ7 በመቶ ነው፣ የሚተርፈው ግን በሲሶ ገደማ ጨመረ። በዚያው 364 ሳህን 85 × 364 − 20,800 = 10,140 ብር ታገኛለሽ። «ደንበኛ ቢሸሽስ?» ትያለሽ። ስንት ቢሸሽ ነው ከዛሬው የምትብሺው? 85 × ሳ − 20,800 = 2,860 ብለሽ ስትፈቺው ሳ ከ278 ትንሽ ይበልጣል። በወር 85 ሳህን፣ በቀን ሦስት ሳህን ብታጪ እንኳ ከዛሬው አታንሺም፤ ድካምሽም ይቀንሳል። ዋጋ መጨመር ካስፈራሽ ሥጋውን 220 ግራም ማድረግ የዓሣውን ወጪ ከ135 ወደ 118.80 ያወርደዋል። ነገር ግን ሳህን ላይ 30 ግራም መጉደሉ ለለመደ ሰው ይታያልና ዋጋውን በግልጽ ለጥፎ መጨመሩ ይሻላል።

ዋጋ ስትቆርጪ ደግሞ ወደ ዐቢይ ጾም አሻግረሽ ተመልከቺ። በዚያ 55 ቀን የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፣ አጥማጁም ዋጋ ይጨምራል። ኪሎው 240 ብር ቢገባ የአንድ ሳህን ዓሣ 0.75 × 240 = 180 ይሆናል፤ ሳህኑ በጠቅላላ 260 ያስወጣል። በ280 እየሸጥሽ ከቀጠልሽ የሚተርፍሽ 20 ብር ብቻ ነው፤ 20,800 ለ20 ሲካፈል 1,040 ሳህን፣ በቀን 40! ወንበር ሁሉ ሞልቶ ትከስሪያለሽ። ብዙ ዓሣ ጠባሽ ገበያ ደራልኝ ብሎ የሚሰበረው በዚህ ወቅት ነው። ስለዚህ ይህችን ደንብ ከገንዘብ ሣጥንሽ በላይ ለጥፊያት፦ ዓሣ በኪሎ 10 ብር ሲጨምር ሳህኑ ላይ 7 ብር ከ50 መጨመር አለበት። 7.50ው ከየት መጣ ብትዪ፣ ሳህኑ የሚበላው 0.75 ኪሎ ስለሆነ ነው። 240 ሲገባ፣ 65 ብሩ እንዳይነካብሽ፣ ሳህኑ 325 ብር መሸጥ አለበት።

ወደ መዝናኛው ባለቤት እንሂድ። መጀመሪያ ሁለቱ አማራጮች እኩል የሚሆኑበትን ቦታ እንፈልግ። በ320 ብር ሽያጭ 15 በመቶ ማለት በሳህን 48 ብር ነው፦

22,000 = 6,000 + 48 × ሳ

ሳ = 333 ገደማ። በወር ከ333 ሳህን በታች ከሸጥሽ ፐርሰንቱ ይቀልሻል፣ ከዚያ በላይ ቁርጡ። ይህ ግን የኪራዩን ብቻ ይነግርሻል፤ የኑሮሽን አይነግርሽም። ሙሉውን እናድርገው። እዚያ ከሳህን የሚተርፈው 320 − 215 = 105 ብር ነው። ከኪራይ ሌላ ያለው ቋሚ ወጪ 11,800 ነው። በቁርጡ 364 ሳህን ብትሸጪ 105 × 364 − 33,800 = 4,420 ብር፤ በፐርሰንቱ 57 × 364 − 17,800 = 2,948 ብር። ሁለቱም፣ ካለሽበት ሳትነሺ 300 ብር ብታደርጊው ከምታገኚው 10,140 ያንሳሉ። ቦታውን መቀየር የሚያዋጣው ቁርጡን ወስደሽ ቢያንስ 419 ሳህን፣ በቀን 16 ሳህንና ትንሽ ከሸጥሽ ነው።

«15 በመቶ ምን አላት» እንዳትዪ። የሚቆረጠው ከትርፍሽ ሳይሆን ከሽያጭሽ ነው። ከ105 ብር ላይ 48ቱን ሲወስድ ለእሱ ከተራፊሽ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እንግዲያስ ለምን እናወራበታለን? ቀዝቃዛ ወር ስላለ። ክረምት ገብቶ እንግዳ ሲመናመንና 200 ሳህን ብቻ ሲሸጥ በቁርጡ 12,800 ብር፣ በፐርሰንቱ 6,400 ብር ትከስሪያለሽ። ሁለቱም ጥሩ አይደሉም፤ አንደኛው ግን በሦስት ወር ከገበያ ያስወጣል።

ልትሄጂ ከቆረጥሽ በፐርሰንቱ ጀምሪና ውሉ ላይ «የወር ክፍያው በጠቅላላ ከ22,000 ብር አይበልጥም» የሚል ጣሪያ እንዲጻፍ ጠይቂ። ጣሪያው ካለ ደካማው ወር በፐርሰንቱ፣ ጥሩው ወር በቁርጡ ይሰላልሻል። 15 በመቶው ከዓሣው ብቻ ነው ወይስ ደንበኛው ከሚያዘው ለስላሳና ውሃም ጭምር የሚለውም በጽሑፍ ይስፈር። ሌላም አለ፤ እስካሁን የጻፍናቸው ቀጥታ መስመሮች እስከ ተወሰነ ቦታ ድረስ ነው የሚሄዱት። በቀን 20 ሳህን ሲያልፍ ሁለት ሰው አይበቃም፤ ሦስተኛው በ5,000 ብር ሲገባ ቋሚ ወጪሽ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ያ ሰው ደመወዙን ለመመለስ ብቻ በ105 ብር ስሌት በወር 48 ሳህን ማምጣት አለበት። በወር ከ520 ሳህን በላይ እሸጣለሁ ብለሽ ስታልሚ ይህን ዝላይ ጨምሪበት።

ራሱንና አጥንቱን ምን እያደረግሽው ነው? በቀን 7 ኪሎ ነው። ለፔሊካን መጣሉ ለዓይን ደስ ይላል፤ ግን ተከፍሎበታል። የዓሣ ሾርባ ሆኖ ሳህኑ 60 ብር ቢሸጥና ለሽንኩርት፣ ለቅመምና ለማገዶ 25 ቢወጣ 35 ብር ይተርፋል፤ በቀን 10 ሳህን በወር 9,100 ብር ነው። ሐሞቱን ሳይፈስ ማውጣትና ስንጥቡን መጣል ግድ ነው፤ ሐሞት ከነካው ሾርባው ይመርራል።

ሾርባ ስትጀምሪ የማታውን ገንዘብ መቆጣጠሪያም አብሮ ይመጣል። ጥብስ በ300፣ ሾርባ በ60 ብር እንበል። ማታ የታጠበው ሳህን በጠቅላላ 24 ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ 5,040 ብር አለ። ሁሉም ሾርባ ቢሆን ኖሮ 24 × 60 = 1,440 ነበር። የበለጠው 3,600 ነው፤ አንድ ጥብስ ከሾርባ በ240 ይበልጣል፤ 3,600 ለ240 ሲካፈል 15። ስለዚህ 15 ጥብስ፣ 9 ሾርባ ተሸጧል። ከተበለተው ሥጋ ጋር ይገጥም እንደሆነ እዪ። ሣጥኑ ውስጥ 4,900 ቢገኝ ግን መልሱ 14.4 ጥብስ ይሆናል። ሙሉ ያልሆነ ቁጥር ሲመጣ የሆነ ነገር አለ፤ ዱቤ ተሰጥቷል፣ መልስ ተዛብቷል፣ ወይ ቅናሽ ተደርጓል። በዚያው ማታ መጠየቅ ነው፤ ሳምንት ካለፈው ማንም አያስታውስም።

የቀረው ዲፕ ፍሪዘሩ ነው። አበዳሪውን መጀመሪያ የምትጠይቂው ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብር ላይ ነው ወይስ ባልተከፈለው ቀሪ ላይ የሚለውን ነው። 60,000 ብር ለአንድ ዓመት በ15 በመቶ ብትወስጂ፣ በመጀመሪያው ላይ ሲታሰብ ወለዱ 9,000 ብር ነው፤ በየወሩ 5,750 ትከፍያለሽ። በየወሩ 5,000 ዋናውን እየመለስሽ በቀሪው ላይ ብቻ ቢታሰብ ግን ወለዱ በድምሩ 4,875 ብር ነው። ሁለቱም «15 በመቶ» ይባላሉ።

ፍሪዘሩ ገንዘብ የሚያመጣው ዓሣ ሲረክስ ገዝተሽ ስታስቀምጪ ብቻ ነው። ኪሎውን በ180 ፈንታ በ150 ብታገኚ በሳህን 22.50 ይቀርልሻል። የወሩን 5,750 ለመክፈል 22.50 × ሳ = 5,750፣ ሳ = 256 ሳህን፤ በወር 192 ኪሎ በርካሽ የተገዛ ዓሣ ማለት ነው። ከምትሸጪው 364 ሳህን ውስጥ 256ቱ ከፍሪዘር መውጣት አለባቸው። በዚያ ላይ የበረደ ዓሣ ሲቀልጥ ውሃ ያፈሳልና የሥጋው ክብደት ይቀንሳል፤ መብራት ሲቆራረጥም አንድ ሙሉ ጭነት ሊበላሽ ይችላል። ለሁለት ወር የአጥማጆቹን ዋጋ በየቀኑ በደብተር ጻፊ። ኪሎው 150 እና ከዚያ በታች የገባባቸው ቀናት በወር 192 ኪሎ ለመግዛት የሚያበቁ ሆነው ካገኘሻቸው ተበደሪ። ካልሆኑ 60,000ውን ተዪው፤ ነገ ጠዋት የሚያስፈልግሽ ሚዛኑ ነው።